የትኬት ርካሽነትና የሻንጣ ዋጋ

በቀድሞ ዘመን በቅሎ ወይም አህያ እያከራየ የሚኖር ሰው ጭነቱን በዓይኑ ሳያይና በእጁ አንሥቶ ሳይገምት ዋጋ አይቈርጥም ነበር። ተከራዩም ለራሱ የሚከፍለው ስንት፥ ለጓዙ የሚከፍለው ስንት እንደ ሆነ መንገድ ሳይጀምር ተነጋግሮ ይጨርስ ነበር። ዛሬ ግን መንገዱ በአየር፥ ውሉም በወረቀትና በኢንተርኔት ስለ ሆነ፥ ብዙ መንገደኛ የጓዙን ዋጋ የሚያውቀው በአይሮፕላን ጣቢያ ከሚዛኑ ፊት ከቆመ በኋላ ነው። የዚህ ነገር ምክንያት የአየር መንገዶች ስስት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ልማዱ ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

በአየር መጓዝ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ክብደት ትልቅ ጉዳይ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ባደረገ ጊዜ፥ በዚያን ዘመን በነበሩት አይሮፕላኖቹ ውስጥ መንገደኞቹ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው ሲቀመጡ ጭነቱ በመካከል ታስሮ ይሄድ ነበር። ሰውና ዕቃ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው የሚበሩበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ የሻንጣው ክብደት ከአይሮፕላኑ ኃይል ላይ የሚቀነስ መሆኑን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም ነበር። ከዚያም በፊት በ1922 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1929) በዋርሶ ከተማ የተፈረመው የመንግሥታት ስምምነት፥ አጓዡ ሻንጣ ሲቀበል የጓዙን ቍጥርና ክብደት የሚገልጽ ደረሰኝ እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ደረሰኝ ሳይሰጥ የተቀበለ አጓዥ፥ ዕቃው ቢጠፋ የካሣውን መጠን በሚወስነው አንቀጽ ሊጠቀም እንዳይችል ያው ስምምነት ይከለክለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በውጭ አገር ጉዞ የጸናው ልማድ፥ በአንደኛ ማዕርግ ለሚጓዝ 30 ኪሎ፥ በዝቅተኛው ማዕርግ ለሚጓዝ 20 ኪሎ ያለ ተጨማሪ ዋጋ መፍቀድ ነበር። ከዚህ የበለጠ የያዘ ሰው ለትርፉ ኪሎ ይከፍላል። እንግዲህ ሻንጣ በነጻ ይሄድ ነበር ማለት በትክክል ሲታይ ስሕተት ነው፤ ዋጋው በትኬቱ ውስጥ ተጨምሮ ሁሉም እኩል ይከፍለው ነበር እንጂ። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ሁለት ሣጥን ለጫነው ጎረቤቱ ይከፍልለት ነበር ማለት ነው።

ይህ ሥርዐት መለወጥ የጀመረው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የትኬትን ዋጋ የሚወስነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ጥቅምት 14 ቀን 1971 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978) ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ግን ኩባንያዎቹ ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲቈርጡ ተፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ በትኬቱ ዋጋ ላይ ስለ ሆነ፥ ከትኬቱ ውስጥ አንዳንዱን ነገር አውጥቶ ለብቻው መሸጥ የሚጠቅም ሆነ። በአውሮፓ የአየርላንዱ ራያንኤር በ1998 ዓ.ም. ለሚጫን ሻንጣ ዋጋ ማስከፈል ጀመረ። በ2000 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ እጅግ በናረ ጊዜ ከአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው አሜሪካን ኤርላይንስ ከሰኔ 8 ቀን ጀምሮ ለተቈረጡ ብዙ የአገር ውስጥ ትኬቶች ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር አስከፈለ። በሚቀጥለው በሐምሌ ወር የአንድ በርሜል ዘይት ዋጋ ወደ 147 ዶላር ደርሶ ነበር። ዘይቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ብዙ ረከሰ፤ የሻንጣው ዋጋ ግን በቦታው ቀረ። በአውሮፓ ቍጥር በ2023 የአሜሪካ አየር መንገዶች ከሻንጣ ብቻ የሰበሰቡት ገንዘብ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ ከመጀመሪያው ይልቅ ረቂቅ ነው። ቀድሞ የትኬት ልዩነት የሚታወቀው በመቀመጫው ነበር፤ አንደኛ ማዕርግ ከፊት፥ ሌላው ከኋላ ይቀመጣል። አሁን ግን በአንድ ረድፍ ጐን ለጐን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፥ በአንድ ዐይነት መቀመጫ፥ አንድ ዐይነት ምግብ እየበሉ፥ የትኬታቸው ዐይነት ልዩ ልዩ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሁለት ሻንጣ ተፈቅዶለት፥ ቀኑን መለወጥም ተፈቅዶለት ይሄዳል፤ ሌላው ለአንዲቱም ሻንጣ ይከፍላል፥ ቢቀርም ገንዘቡ አይመለስለትም። ዴልታ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2004 ዓ.ም. መሠረታዊ ኢኮኖሚ የሚሉትን ዝቅተኛ ትኬት መሸጥ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ዐይነት ትኬት፥ የሚጫነውን ሻንጣ ከዋጋው አውጥቶ፥ አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ አውሮፓ በሚደረገው ጉዞ ላይ ገባ። ሁለት ሻንጣ ያለ ዋጋ በመጫኑ ለብዙ ዓመት የታወቀው ሳውዝዌስትም በመጨረሻ ልማዱን ትቶ፥ ከግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለተቈረጠ ትኬት ለመጀመሪያው ሻንጣ 35 ዶላር፥ ለሁለተኛው 45 ዶላር አስከፈለ። ሁለቱን ሻንጣ በነጻ እንዲጭኑ የተተወላቸው ከፍ ያለውን ትኬት የገዙትና በኩባንያው በብዙ ጉዞ የታወቁት ናቸው።

ይህ ልዩነት በገንዘብ ምን ማለት እንደ ሆነ በምሳሌ ይታያል። አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ሹም የደርሶ መልስ ትኬት ሊገዛ ፈልጎ ሁለት ዋጋ ቀረበለት እንበል፤ አንዱ ሻንጣ የሌለበት 300 ዶላር፥ ሁለተኛው ሁለት ሻንጣ ያለበት 380 ዶላር። ገዢው የመንግሥትን ገንዘብ ለመቈጠብ ብሎ የ300ውን ይመርጣል። ሹሙ ግን የስብሰባ ወረቀትና የክረምት ልብስ የያዙ ሁለት ሻንጣዎች አሉት። ለአንደኛው 35፥ ለሁለተኛው 45፥ በጠቅላላው 80 ዶላር ሲሄድ ይከፍላል፤ ሲመለስም እንዲሁ። ስለዚህ የ300 ዶላሩ ትኬት 460 ሆነ፤ ቍጠባ የተባለውም 80 ዶላር አከሰረ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የተባለው ለእንዲህ ያለው ገዢ ነው። ነገር ግን ተጓዡ አንድ የእጅ ሻንጣ ብቻ ይዞ ቢሄድ ኖሮ፥ ያው ርካሹ ትኬት በእውነት ርካሽ ይሆን ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ በትኬቱ አይደለም፤ ጓዙን ሳይቈጥሩ ትኬቱን መግዛት ነው።

የሻንጣን ዋጋ መለየት በደል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በአውሮፓ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። አንዲት የስፔን ሴት ከላ ኮሩኛ ወደ አምስተርዳም ለአራት ሰዎች ትኬት ገዝታ ሁለት ሻንጣ ብትጭን፥ ቩዌሊንግ የተባለው አየር መንገድ 40 ዩሮ ጨምሮ አስከፈላት። የስፔን ሕግ ሻንጣ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ ይሁን የሚል ስለ ነበረ፥ የአገረ ግዛቱ የሸማቾች መሥሪያ ቤት ኩባንያውን 3,000 ዩሮ ቀጣው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን መስከረም 8 ቀን 2007 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፥ ለሚጫን ሻንጣ ለብቻው ማስከፈል ይቻላል፤ የእጅ ሻንጣ ግን መጠኑና ክብደቱ በአግባቡ እስከ ሆነ ድረስ ከመንገደኛው የማይለይ ስለ ሆነ ተጨማሪ ዋጋ አይጠየቅበትም ሲል ለየ። ፍርዱ ሚዛናዊ ነው። ሰው ያለ ሣጥን መጓዝ ይችላል፤ ያለ መድኃኒቱ፥ ያለ ወረቀቱና ያለ አንድ ቅያሪ ልብስ ግን መጓዝ አይችልም።

ሌላም ለባለሥልጣኖች የሚነገር ነገር አለ። በአሜሪካ በአገር ውስጥ ትኬት ላይ ከመቶ 7.5 ቀረጥ ይከፈላል፤ ከ100 ዶላር ትኬት 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለአየር ጉዞ ሥራ በተመደበው ገንዘብ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ለብቻው የሚከፈለው የሻንጣ ዋጋ ግን ይህ ቀረጥ የለበትም። ስለዚህ ዋጋው ከትኬቱ ወደ ሻንጣው በተዛወረ መጠን የመንግሥት ገቢ ይቀንሳል። የነገር ስም ሲለወጥ ቀረጡም እንደሚለወጥ፥ የግምጃ ቤት ሰው ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ ትምህርት ነው።

በሚዛኑ ፊት ክርክር የሚያስነሣው ሌላው ምክንያት የአቈጣጠሩ ልዩነት ነው። አንዳንዱ አየር መንገድ ጠቅላላውን ክብደት ይመዝናል፤ ሌላው ሻንጣውን በቍጥር ይቀበላል። በቍጥር በሚቀበለው ዘንድ ብዙ ጊዜ የአንዱ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው፤ ቁመቱ፥ ስፋቱና ውፍረቱ ተደምሮም ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ሁለት ሻንጣ የተፈቀደለት ሰው አንዱን 30፥ ሌላውን 16 ኪሎ አድርጎ ቢመጣ፥ ድምሩ ከ46 ባይበልጥም የከበደው ላይ ይከፍላል። ከ32 ኪሎ የሚበልጠውን ደግሞ ለሚያነሡት ሠራተኞች ጤና ሲባል ብዙዎቹ አይቀበሉም። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ ስጦታ ይዘው የሚመጡ ሰዎች፥ በጣቢያው ወለል ላይ ሻንጣቸውን ከፍተው ጫማና ልብስ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዛውሩ የሚታዩት ስለዚህ ነው። ጉዞው በሁለት አየር መንገዶች የሚፈጸም ሲሆን ደግሞ፥ የየትኛው ደንብ እንደሚሠራ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉዞው ከአሜሪካ የሚነሣ ወይም መድረሻው አሜሪካ የሆነ እንደ ሆነ፥ በአንድ ትኬት እስከ ተያዘ ድረስ የአንዱ አየር መንገድ የሻንጣ ደንብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲጸና የዚያ አገር መንግሥት ደንግጓል።

የትኬቱ ዐይነት ሊቀንሰው የማይችል መብት መኖሩም ሊታወቅ ይገባል። በ1991 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረገው ስምምነት፥ ኢትዮጵያም ተካፋይ በሆነችበት፥ ለጠፋ፥ ለተበላሸ ወይም ለዘገየ ሻንጣ አየር መንገዱ ኀላፊ ነው። የካሣው ወሰን ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ልዩ የገንዘብ ማውጫ መብት በሚባለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ተወስኗል። ይህም ርካሹን ትኬት ለገዛውም፥ ውዱን ለገዛውም እኩል ነው። ነገር ግን መብቱ የሚጸናው በጊዜው ለጠየቀ ነው፤ የተበላሸ ሻንጣ በተቀበሉ በ7 ቀን ውስጥ፥ የዘገየም በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ዋጋው ከዚህ ወሰን የሚበልጥ ዕቃ ያለው ሰው ሻንጣውን ሲያስረክብ የዕቃውን ዋጋ አስታውቆ፥ የሚጠየቀውን ጨምሮ ሊከፍል ይችላል። በውጭ አገር ወደሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት የሚላኩ ካህናት ይህን ነገር በተለይ ሊያስቡት ይገባል፤ የብራና መጽሐፍ ወይም የቈየ መስቀል በካሣ የሚተካ አይደለምና፥ ከሚጫነው ሻንጣ ይልቅ ከባለቤቱ እጅ ባይለይ ይሻላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ጓዝ የሌለው ሰው ለጓዘኛው እንዳይከፍል ዋጋውን መለየት እውነተኛ አሠራር ነው፤ የተለየውን ዋጋ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አለመንገር ግን እውነተኛ አሠራር አይደለም። ትኬት ሻጭ የትኬቱን ዋጋ በተናገረበት አፍ የትኬቱን ዐይነትና የሚፈቀደውን ሻንጣ መናገር ይገባዋል። ለመንግሥት ሠራተኛ ትኬት የሚገዛ ክፍልም ሁለት ዋጋ ሲያወዳድር ሻንጣውን ጨምሮ ያወዳድር፤ በሰነዱም ላይ የትኬቱ ዐይነት ይጻፍ። መንገደኛውም ስንት ሻንጣ ተፈቀደልኝ፥ እያንዳንዱ ስንት ኪሎ ነው፥ ለትርፉ ስንት እከፍላለሁ ብሎ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያውጣ፤ ሻንጣውንም በቤቱ መዝኖ ይነሣ። በቅሎ ይከራይ የነበረው ሰው ያደርገው የነበረ ይህንኑ ነው፤ ዋጋውን ከመንገዱ በፊት መጨረስ።