በአጭር ሞገድ ራዲዮ ላይ የሚሰማውን ሁከት ስለ መቀነስ

ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው አጭር ሞገድ የሚተላለፍ ድምፅ ከሩቅ አገር በላይኛው አየር ላይ እየተንጸባረቀ ስለሚመጣ፥ አድማጩ ዘንድ የሚደርሰው ኃይሉ እጅግ ደክሞ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚፈጠር ትንሽ የኤሌክትሪክ ጩኸት እንኳ ይሸፍነዋል።

ብዙ ሰው ጩኸት በሰማ ጊዜ ወዲያው አንቴናውን ያስረዝማል። ይህ የችኮላ ሥራ ነው፤ የረዘመው አንቴና ከጣቢያው ጋራ ጩኸቱንም ያጐላዋልና። አስቀድሞ ምንጩን መፈለግ ይገባል፤ ይኸውም መቀበያውን በባትሪ እያሠሩ የቤቱን ዋና ማጥፊያ መዝጋት ነው። ጩኸቱ ጸጥ ካለ ምንጩ እዚያው ቤት ነው፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የስልክ ቻርጀር ወይም የኤልኢዲ አምፖል ሆኖ ይገኛል። ሊነቅሉት የማይቻል ዕቃ ሲሆን ገመዱን በፌራይት ቀለበት ላይ መጠምጠም ይረዳል። የሚከለክለው ኃይል በዙሩ ቁጥር ካሬ መጠን ስለሚያድግ፥ 6 ዙር ከ3 ዙር በግምት 4 እጥፍ ይበልጣል።

ማጥፊያው ተዘግቶም ጩኸቱ ካልቆመና ከጎረቤት የመጣ እንደ ሆነ፥ ክብ አንቴና ይሻላል። ይህ አንቴና ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች በአግድም የሚመጣውን ሞገድ እምብዛም ስለማይቀበል፥ ጩኸቱ እስኪደክም ድረስ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። የጣቢያው ሞገድ ግን ከሰማይ አዘንብሎ ስለሚወርድ ብዙ አይጎዳም።

የመብረቅ ፍንጣቂ በዚህ ሁሉ አይታከምም፤ ጣቢያው የሚገኝበት ከሆነ በክረምት ከ49 ሜትር ወደ 19 ሜትር መሸሽ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ላይ እንደ ተደረገው ሆን ተብሎ የሚለቀቅ ጩኸትም እንደዚሁ፥ ጣቢያው የሚያስተላልፍበትን ሌላ ሞገድ ከመፈለግ በቀር በአድማጩ እጅ ብዙ መድኃኒት የለውም።