ከቅርጫው ሳንባ እስከ ፋብሪካው ከረጢት፦ የውሻ ምግብ

ዳንግላ ከተማ ውስጥም ሆነ ዙሪያዋን ባሉ ቀበሌዎች ለውሻ ተብሎ የሚገዛ ምግብ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውሻው የሚበላው ቤተሰቡ የበላውን ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የዳጉሳ ቂጣ፣ ከትሪ ላይ የተጠራረገ ሽሮ፣ አይብ ከወጣ በኋላ የቀረ አጓት ይደፋለታል። ሥጋና አጥንት በብዛት የሚያየው በዓል ደርሶ የቅርጫ በሬ ሲታረድ ነው። ዳንግላ ያለችበት አገው ምድር በፈረሱ አይታማም፤ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማኅበር አለው፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱን አስጊጦ ያወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ጅብና ሌባ ሲያባርር ለሚያድረው ውሻ ግን "ዛሬ ምን በላ?" ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይለያል። የፈረንጅ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ከውጭ የገባ ደረቅ ምግብ በከረጢት ይገዛሉ፤ እንደ ኮሎ የሚንኮሻኮሽ፣ መጠኑ አንድ ወጥ የሆነ ፍሬ ነው። እኛ ዘንድ ውሻን ከከረጢት መመገብ የስልጣኔ ምልክት መስሎ በሚታይበት በዚህ ጊዜ፣ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አንዳንድ ባለውሾች ከረጢቱን አስቀምጠው ድስት መጣድ ጀምረዋል። ሥጋ፣ ሩዝና ካሮት ቀቅለው ይሰጣሉ፤ አቅሙ ያላቸውም የተዘጋጀ ትኩስ ምግብ እቤታቸው ድረስ ያስመጣሉ። በዚህ ዓይን ካየነው የዳንግላ ውሻ ሳያውቀው ዘመኑን ቀድሟል። ትኩስ ይበላል። ጥያቄው ትኩሱ ምን እንደሆነና እንዴት ተሰናድቶ እንደሚሰጠው ነው።

ደረቁ ምግብ ራሱ ዕድሜው ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ ለንደን ውስጥ ከሥጋ፣ ከስንዴና ከአትክልት የተጋገረ የውሻ ብስኩት መሸጥ ጀመረ። ዛሬ የምናየው ፍሬ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። የሥጋ ዱቄትና የተፈጨ እህል በውሃና በእንፋሎት ይለወሳል፣ ኤክስትሩደር በሚባል ማሽን ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ይበስላል፣ በግፊት በቀዳዳ ሲወጣ ያብጣል፣ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፤ በመጨረሻ ስብ ይቀባል። በውስጡ የሚቀረው ውሃ ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ስለሆነ ወራት ቢቀመጥ አይበላሽም። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ሌላው ጥቅሙ በባለሙያ ቀመር የተሠራ ደህና ምርት ከሆነ ውሻው የሚያስፈልገውን ካልሲየምም ዚንክም ቫይታሚንም አሟልቶ መያዙ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው ትኩስ ምግብ እንዴት እንደሚጎድል አያውቅም ማለት ነው።

የትኩሱ ብልጫ ግን እውነተኛ ነው። በድስት የበሰለ ምግብ ከመቶ 70 ገደማ ውሃ ነው፤ ውሃ በደንብ የማይጠጣ ወይም ያረጀ ውሻ ከምግቡ ጋር ይጠጣል። ሽታው ይጣራል፣ ስለዚህ ታሞ ምግብ ያስጠላው ውሻ እንኳ አፉን ይከፍታል። ጥርሱ ያለቀበትም ሳይቸገር ይውጠዋል። አሜሪካ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ደረቅ ፍሬ የበሉ ውሾች ክብደታቸውን ለመጠበቅ ከትኩስ በሊታዎቹ የበለጠ መብላት ነበረባቸው፤ የጣሉት ሰገራም ከ1.5 እስከ 2.9 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከትኩሱ የሚበዛው ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ሰውነት ላይ ይቀራል ማለት ነው። ከዚህ አልፎ "ትኩስ የበላ ውሻ ዕድሜው በዓመታት ይረዝማል" የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ ይህ በአስተማማኝ ጥናት የተረጋገጠ አይደለም፣ ባይሉት ይሻል ነበር።

ደግሞስ እንጀራ ለውሻ ምን ያደርግለታል? ብዙ የፈረንጅ ጽሑፍ ውሻን እንደ ተኩላ ቆጥሮ "ሥጋ ብቻ" ይላል። ውሻ ግን ከሰው ጋር በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ሲኖር ሆዱም ከሰው ጋር ተላምዷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት እህልን ለመፍጨት የሚረዳው የአሚሌዝ ዘረመል በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሾች ላይ ከ4 እስከ 30 ቅጂ ይገኛል። ስለዚህ የበሰለ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና ድንች ለውሻ ባዕድ አይደለም። አገው ምድር የሚያበቅለው ዳጉሳ እንዲያውም ከእህል ሁሉ በካልሲየም የታወቀ ነው። ኑግም አለ፤ ዘይቱ ለቆዳና ለጠጉር የሚያስፈልገው ሊኖሌይክ አሲድ ሞልቶበታል። ከገበያ የሚገዛ ሳይሆን ከጓሮ የሚገኝ ነው።

የሚጎድለው ፕሮቲን ነው። ለአዋቂ ውሻ ከደረቅ ምግቡ ቢያንስ ከመቶ 18 እጁ ፕሮቲን እንዲሆን የአሜሪካ መኖ ተቆጣጣሪዎች መስፈርት ያዛል፤ ጤፍ ያለው ከዚያ ግማሽ በጥቂት ያለፈ ነው። በፍስክ ቀን አጥንቱም መረቁም ጉድለቱን ይሸፍናል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ግን ውሻውም ከባለቤቱ ጋር ሳይጠየቅ ይጾማል፤ ጎኑ ሲገባ፣ ጠጉሩ ሲከዳ የሚታየውም አንዳንዴ ለዚህ ነው። ደግነቱ ላሚቱ አትጾምም። በጾም ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ይቀመጣል፣ አሬራው ይተርፋል። ከእሱና ከተቀቀለ ባቄላ ወይም አተር ጋር የተፈተፈተ ቂጣ ውሻውን እስከ ፋሲካ ያደርሰዋል። አሬራ የሚያስቀምጠው ውሻ ካለ መጠኑን መቀነስ ነው።

ባቄላውና አተሩ ታዲያ ከድስት የሚወጡት ቁሌቱ ከመጣዱ በፊት ነው። በእኛ ማዕድ ላይ ለውሻ ትልቁ መርዝ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬም ቢሆን የተቁላላም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በውሻው ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለማበላሸት ይበቃል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ ሁለትና ሦስት ራስ ሽንኩርት እንደማለት ነው። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው አንድ ድስት ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚውጥ ያውቃል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ከቀናት በኋላ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ሰው "ምን ነካው?" ይላል እንጂ የበዓሉን ወጥ አያስታውስም። በዚያ ላይ የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስለት ይሾላል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ያልበሰለ ሊጥ ሆድ ውስጥ ኩፍ ይላል፣ አልኮልም ያወጣል፤ አተላም አልኮሉ ስላለበት ለውሻ አይሆንም። የሻገተ በቆሎና የሻገተ እንጀራ "ለውሻ ይበቃዋል" ተብሎ የሚሰጥበት ቤት ብዙ ነው። የሻጋታ መርዝ፣ በተለይ አፍላቶክሲን፣ የውሻን ጉበት ይገድላል። ከዚህ የፋብሪካ ምግብም አላመለጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አፍላቶክሲን በገባበት ደረቅ ምግብ የተነሣ ከ100 በላይ ውሾች ሞተዋል።

አሁን ወደ ቅርጫው እንምጣ፤ የዳንግላ ውሻ የትኩስ ምግብ ጉዳይ መነሻውም መድረሻውም እዚያ ነውና።

በሬው ተገፎ ሆዱ ሲከፈት ውሾች ከሩቅ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል፣ ጉበቱና ጨጓራው ይወሰዳል። ሳንባው ተነሥቶ በእጅ ሲዳሰስ አንዳንዴ ከለስላሳው መሐል ጠጠር ያለ ነገር ይገኛል። ቀረብ ብሎ ላየው ነጣ ያለ፣ ከእንቁላል የሚያንስም የሚበልጥም፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። በቢላዋ ጫፍ ሲነካ ጥርት ያለ ውሃ ፊጭ ይላል። "ይሄ አይበላም" ይባልና ሳንባው እንዳለ ለውሾቹ ይወረወራል። ሰው የማይበላውን ለውሻ መስጠት ደግነት ይመስላል።

ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የውሻ ትል ልጆች ማደሪያ ነው። ሳይንሱ ኢኪኖኮከስ ይለዋል። ውሻው ሳንባውን በጥሬው ሲበላ ልጆቹ አንጀቱ ላይ ይጣበቁና በሳምንታት ውስጥ ያድጋሉ። እያንዳንዱ ትል ርዝመቱ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ አንድ ውሻ ግን በሺህ የሚቆጠር ይዞ ምንም ሳይመስል ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል። እንደ ዳንግላ ቀዝቀዝ ባለና ዝናብ በማይርቀው መሬት ላይ ወራት ይቆያል። ከብትና በግ ከሣሩ ጋር ይበሉታል፣ ሕፃን ውሻውን ሲያሻሽ እጁ ላይ ይዞት ወደ አፉ ይልከዋል፣ በደንብ ካልታጠበ ጎመን ጋርም ይገባል። ሰው ሆድ ሲደርስ ያንኑ ከረጢት ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይሠራል፤ በዝግታ ስለሚያድግ ዓመታት ሳይታወቅ ይኖርና ቀዶ ሕክምና ላይ ያደርሳል። ሥጋውን ወይም ሳንባውን የነካ ሰው በዚያ አይያዝም፤ ያለ ውሻ ዙሩ አይሞላም። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ባሕር ዳር ቄራ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከታረዱት ከብቶች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ይህ ከረጢት እንደነበረበት አሳይቷል።

የበግ ጭንቅላትም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። አንገቱን ሰብሮ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር የሚውል በግ ያየ ገበሬ "አዙሪት ያዘው" ይላል። የዚያ በግ አንጎል ላይ ያለው ሌላ የውሻ ትል የሠራው ከረጢት ነው። በጉ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ከተሰጠ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በግ ይሽከረከራል። ገበሬው በጉን የሚያሳጣውን ትል በገዛ እጁ እያበላ ያሳድጋል።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዳረጋገጠው የታመመ የበግ ሳንባ ወይም ጉበት ለ30 ደቂቃ በሚፈላ ውሃ ከተቀቀለ ትሉ በሙሉ ይሞታል። ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቡና እስኪፈላ፣ አቦሉ እስኪጠጣ። ሳንባ ሲበስል ደግሞ ስቡ ትንሽ፣ ፕሮቲኑ ብዙ የሆነ ጥሩ የውሻ ምግብ ነው። መቀቀል የማይቻል ከሆነ ውሻ ጭሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ነው። ሰው ራሱ ጥሬ ሥጋ በልቶ ኮሶ ሲይዘው መድኃኒት ይጠጣል፤ ውሻውም ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንደ ክብደቱ መጥኖ ይሰጠዋል።

ውሻውን ከድስት ለመመገብ የቆረጠ ሰው እንዲህ ያድርግ። ሳንባ፣ ልብ፣ ጨጓራ ወይም ቁርጥራጭ ሥጋ በሚገባ ይቀቅል፤ ሽንኩርትም በርበሬም አይግባበት፤ በዚያው መረቅ የዳጉሳ ወይም የበቆሎ ገንፎ ያገንፋ፤ ድንች፣ ዱባ ወይም ጎመን ቢጨምርበት ጥሩ ነው። ሥጋና የሆድ ዕቃው ከጠቅላላው ሲሶ እስከ ግማሽ ይሁን፣ ጉበት ግን ቫይታሚን ኤ ስለሚያበዛ ጥቂት ብቻ። ዓሣ ከተገኘ እሾሁ ወጥቶ፣ በስሎ ይግባ። ሥጋ ብቻ የሚበላ ውሻ ካልሲየም ያጣና አጥንቱ ይሳሳል፤ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ደቆ ለመካከለኛ ውሻ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቢጨመር ይበቃል። ከለመደው ምግብ ወደ አዲሱ ሲዛወር በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን፤ አለዚያ ተቅማጥ ይከተላል።

ይህን ሁሉ ብዬም ቢሆን ቤት የሚሠራ ምግብ በግምት እንደማይሞላ መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ከመጻሕፍትና ከሌላም ቦታ የሰበሰቧቸውን 200 የውሻ ምግብ አሠራሮች መርምረው ከመቶ 95ቱ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ነገር እንደሚጎድላቸው አግኝተዋል። አዋቂ የሐበሻ ውሻ ጉድለቱን ሜዳ ላይ ሲውል ከዚህም ከዚያም ይሞላል። በግቢ ተዘግቶ ለሚያድግ ትልቅ ዝርያ ቡችላ ግን ስህተቱ እግሩ ላይ ይታያል፤ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ቡችላ የያዘ ሰው ዓመት እስኪሞላው ከረጢቱ ላይ ቢቆይ፣ ወይም ሐኪም አማክሮ ቀላቅሎ ቢሰጥ ይሻለዋል። ለዳንግላ ቤተሰብ ከረጢቱ ዋጋውም መንገዱም ሩቅ ነው፤ ማጣቱም ብዙ አያስቆጭም። የፊታችን በዓል ቅርጫ የምትገቡ ሰዎች፣ ሳንባው ለውሻ ከመወርወሩ በፊት አንድ ድስት ውሃ ጣዱ።