«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን የተጫኑበት ላፕቶፕ አንድ ቀን አልነሳ ሲል፣ ጥገና ቤት የምንሰማው መፍትሔ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ፎርማት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋይሎቹም ሁለቱም ሲስተሞች እንዳሉ ናቸው።

ኮምፒውተር ሲነሳ ሥራው የዱላ ቅብብል ነው። ባዮሱ ዲስኩን ያገኛል፤ ዲስኩ ላይ ኢኤፍአይ የምትባለውን ትንሽ ፓርቲሽን ያነባል፤ ከዚያ ግራብ የሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም ተነስቶ ምርጫ ያቀርባል፤ በመጨረሻ የመረጥነው ሲስተም ይረከባል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ዱላው የት እንደወደቀ ይጠቁማል። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ጽሑፉን በስልክ ፎቶ አንሱት።

1. «ቡት የሚያደርግ ዲስክ አልተገኘም» ካለ
ባዮስ ግቡና ዲስኩ በስሙ መኖሩን እዩ። ከሌለ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላልቷል ወይም ተበላሽቷል፤ ሲስተም እንደገና መጫን ምንም አይፈይድም። ካለ ደግሞ የቡት ሁነታውን ተመልከቱ። በቆዩ ማሽኖች የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲደክም ባዮሱ ወደ መጀመሪያ ሴቲንጉ ይመለሳል፤ ዩኢኤፍአይ የነበረው ሁነታ ሌጋሲ ሆኖ ከተገኘ ወደ ነበረበት መልሱት።

2. ምርጫ ሳያቀርብ በቀጥታ ዊንዶውስ ከገባ
ኡቡንቱ አልጠፋም። ብዙ ጊዜ ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ የቡት ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ ነው። ባዮስ ውስጥ ኡቡንቱን ወደ ላይ አውጡት።

3. ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪዩ» ካለ
ግራብ ተነስቷል፤ የቀረውን የራሱን ፋይል ግን አጥቷል። አንዱ የተለመደ ምክንያት ከዊንዶውስ ሆኖ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል የኡቡንቱን ፓርቲሽን ማጥፋት ነው። ያጠፋችሁት አውቃችሁ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀርን አስቀድሙ። ኡቡንቱን ካልነካችሁት ግን የኡቡንቱ ፍላሽ ሰክታችሁ፣ ሳትጭኑ በሙከራ ሁነታ ግቡና ቡት ሪፔር በሚባለው ፕሮግራም ግራብን መልሱ።

4. ሰማያዊ ስክሪን የቢትሎከር ቁልፍ ከጠየቀ
ቢትሎከር የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ነው፤ ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ያልታመነ ማስነሻ የሚያግደውን ሴቲንግ) ስትነኩ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል። የሚጠይቀው ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከስልካችሁ ገብታችሁ ፈልጉት። እሱን ሳትፈልጉ ፎርማት ካደረጋችሁ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

አንዳንዴ ጥፋቱ ከናካቴው ከዲስኩ ጋር አይገናኝም። ነሐሴ 2016 (በፈረንጆቹ ኦገስት 2024) ማይክሮሶፍት የለቀቀው የደኅንነት አፕዴት ሴኪዩር ቡት በበራባቸው ብዙ የሁለት ሲስተም ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ (ኡቡንቱን የመሰለው ሲስተም) እንዳይነሳ አድርጎ ነበር። ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ የታገደው የቆየው የሊኑክስ ማስነሻ ነው። በዚያን ጊዜ ፎርማት ያደረገ ሰው ፋይሉን በከንቱ አጣ።

ኡቡንቱ የዊንዶውስን ፓርቲሽን አልከፍትም ወይም ለንባብ ብቻ ካለም አትደንግጡ። ዊንዶውስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ሲበራ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ፓርቲሽኑም እንደተያዘ ይቀራል። አጥፉትና ዊንዶውስን እንደገና ዝጉት።

በእውነት መፍራት ያለባችሁ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ወይም ኡቡንቱ ውስጥ ያለው ዲስክስ የተባለው ፕሮግራም ዲስኩ ሊሞት መቃረቡን ሲያስጠነቅቅ ነው። ያኔ ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ አታስኬዱ፤ የደከመውን ዲስክ ይበልጥ ያደክመዋል። መጀመሪያ ፋይላችሁን ገልብጡ፣ ከዚያ ዲስኩን ቀይሩ።

ለዚህ ሁሉ ዛሬውኑ የሚዘጋጁ ሦስት ነገሮች አሉ፦ የኡቡንቱ ፍላሽ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ የቢትሎከር ቁልፍ፣ እና በሌላ ዲስክ ላይ ያለ ቅጂ። «ዲ ላይ አስቀምጫለሁ» የምትሉ፣ ዲ እና ሲ በአብዛኛው ላፕቶፕ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።