ተራራው ሲራቆት ከተማው ይጠማል

ዛሬ ስለ ወላይታ ሶዶና ስለ ዳሞታ ተራራ እንነጋገራለን።

ሶዶ ከዳሞታ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ከተማዋ እየሰፋች ነው። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው ግን ቤቱ የት ይሠራ ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ምን ይሆናል? ዛፍና ሣር ያለበት መሬት ውሃውን ቀስ አድርጎ ይጠጣል። የጠጣውንም በበጋ በምንጭ ይመልስልናል። ቆርቆሮና አስፋልት ግን ውሃ አይጠጣም። ዳገቱ ሲመነጠር፣ የእንሰቱ ጓሮም ሁሉ ቤት ሲሆን፣ ውሃው ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። አፈሩን ይጠርጋል፤ መሬቱን ይቦረቡራል፤ ከታች ያለውን ቤት ያሰጋል። ምንጩም ይደክማል።

ታዲያ የተራቆተ ተራራ መልሶ ይለብሳል ወይ? አዎን፣ ይለብሳል! እዚያው ወላይታ ውስጥ፣ ከሶዶ በስተደቡብ ያለውን የሁምቦን ተራራ ተመልከቱ። በ1999 ዓ.ም. በወርልድ ቪዥንና በዓለም ባንክ ድጋፍ ሥራ ተጀመረ። ገበሬዎች በማኅበር ተደራጁ። ከብት እንዳይገባ፣ እንጨት እንዳይቆረጥ ከለከሉ። ቦታው ከ2,700 ሄክታር በላይ ነው። አብዛኛው ዛፍ ችግኝ ተተክሎ የመጣ አይደለም፤ መሬት ውስጥ ከቀረው ጉቶ አቆጠቆጠ።

ለሶዶስ ምን ይሻላል? ዳገቱና የወንዙ ዳር ለዛፍ ይተው። ደልዳላውም የገበሬው እርሻ ነውና፣ ቤቱ ተጠጋግቶ፣ ሲቻልም ፎቅ ሆኖ ይሠራ። በየግቢው ጥቂት እንሰት ይቅር።

እስቲ ተወያዩ፦ በሰፈራችሁ ጎርፉ በየት ይወርዳል? ከታችስ ማን ይኖራል?