በቡሬ መንገድ ላይ የሚታየው ቀለምና የፎቶን ጠባይ

በክረምት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከመኪና የተንጠባጠበ ዘይት በተንሳፈፈበት ውሃ ላይ የቀስተ ደመና ዓይነት ቀለም ይታያል። ዘይቱን በብልቃጥ ቢያዩት ግን ይህ ሁሉ ቀለም የለበትም። ታዲያ ከወዴት መጣ?

ከዘይቱ የላይኛው ገጽ የሚመለሰው ብርሃንና፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ ዘይቱና ውሃው ከሚገናኙበት ገጽ የሚመለሰው ብርሃን በዐይናችን ውስጥ ይገናኛሉ። የአንዱ ማዕበል ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር ሲገጥም ብርሃኑ ይበረታል፤ ከዝቅታው ጋር ሲገጥም ይጠፋል። የዘይቱ ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ አንዱ ዘንድ ቀዩ፣ ሌላው ዘንድ ሰማያዊው ይበረታል። ይህም ኢንተርፌረንስ ይባላል። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በ1801 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ብርሃን ማዕበል መሆኑን ሲያስረዳ፣ የእንዲህ ያለውን ስስ ነገር ቀለም ማስረጃ አድርጎታል።

በ1905 ዓ.ም. ግን አልበርት አይንስታይን ብርሃን ኀይሉን የሚሰጠው በተቆጠረ ድርሻ ነው አለ፤ ድርሻውም በኋላ ፎቶን ተባለ። ከዚህ የተነሣ እኛም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን «ጨለማው የሚሆነው ሁለት ፎቶኖች ተጋጭተው ሲጠፋፉ ነው» ብለን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈናል። ይህ ስሕተት ነው።

ነገሩን በቀላሉ መመርመር ይቻላል። የመስኮት መስተዋት ስባሪ በኩራዝ ጥቀርሻ ይጠቁር። ሁለት ምላጭ አጣብቀን ይዘን ጥቀርሻውን አንድ ጊዜ ብንጭር፣ ከሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል የተራራቁ ሁለት ጭረቶች እናገኛለን። ቀይ ሌዘር በጭረቶቹ አሳልፈን 3 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ ብንጥል፣ በየ2 ሳንቲ ሜትር ያህል የተደረደሩ ብሩህ መስመሮች በመካከላቸውም ጨለማ ይታያል። (ሌዘሩ ወደ ዐይን እንዳይገባ ጥንቃቄ ያሻል።) አንዱን ጭረት ብንሸፍን ይህ ድርድር ይጠፋል፤ ጨለማ የነበረውም ስፍራ ብርሃን ያገኛል።

ብርሃኑ እጅግ ደክሞ ፎቶኖቹ አንድ በአንድ ቢያልፉስ? በ1909 ዓ.ም. ጄፍሪ ቴይለር መብራቱን በጠቆረ መስተዋት ጋርዶ የመርፌ ጥላ ፎቶግራፍ አነሣ። ረጅሙ ፎቶግራፍ ሦስት ወር ያህል ፈጀ። ብርሃኑ ከ1.6 ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፎ እንደሚነድ አንድ ሻማ ነበር፤ በገጠራችን ሌሊት ከማዶ መንደር እንደሚታይ ኩራዝ ማለት ነው። ይሁንና በጥላው ዳር ያሉት መስመሮች አልደበዘዙም። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ግራንዥዬ፣ ሮዤና አስፔ የተባሉ ፈረንሳውያን በእርግጥ አንድ አንድ ፎቶን እያሳለፉ ኢንተርፌረንሱን አገኙ።

እንግዲህ የሚጋጨው ሌላ ፎቶን ሳይኖር ድርድሩ ይሠራል። እያንዳንዱ ፎቶን ሲደርስ ሙሉውን ባንድ ቦታ ይገኛል፤ የት ሊገኝ እንደሚችል የሚወስነው ግን በሁለቱም ጭረት የሚያልፈው ማዕበል ነው። የጠፋም ኀይል የለም፤ ከጨለማው ስፍራ የቀረው በብሩሁ ስፍራ ይገኛል።

ከመካከላችን ብዙዎች ነገ መምህራን ስለምንሆን፣ ያንን ስሕተት ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ይዘን እንዳንሄድ ያስፈልጋል። ጥቀርሻና ምላጭ እንደ ሆነ የትም አይታጣም።