ለሕፃን የሚሻለው ባዶ አልጋ

እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚሠሩ ሁለት ሐኪሞች፣ ጄምስ ኬምፕና ብራድሊ ታች፣ ስለ 25 ሕፃናት ሞት ያጠኑትን አሳተሙ። ሕፃናቱ በሆዳቸው የተኙት በጥቃቅን የፖሊስታይሪን እንክብሎች በተሞላ ትራስ ላይ ነበር። ገላን አቅፎ የሚይዝ፣ ልስልስ ያለ ትራስ። ከላይ የተጫናቸው ነገር የለም። ታዲያ ምን ገደላቸው?

የገዛ ትንፋሻቸው ነው። የሕፃኑ ፊት ለስላሳ ነገር ውስጥ ሲሰምጥ በአፍንጫው ዙሪያ ትንሽ ጉድጓድ ይፈጠራል። ያስወጣው አየር እዚያው ይጠራቀምና መልሶ ያንኑ ይስበዋል። በሳበ ቁጥር ኦክስጅኑ እየሳሳ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየበዛ ይሄዳል። ሁለቱ ሐኪሞች ይህንኑ በጥንቸሎች ላይ ሞክረው አሳዩ፤ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ትራሶቹን አገደ።

አብዛኛው ሕፃን እንዲህ ሲሆንበት ይባንናል፣ ያለቅሳል፣ ፊቱን ያዞራል። የሚቀሰቅሰው በአንጎል ግንድ ያለው የነርቭ ሥርዓት ነው። የቦስተኗ ሐና ኪኒና ባልደረቦቿ በእንቅልፍ ላይ እያሉ በድንገት በሞቱ ብዙ ሕፃናት አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል የሚሠራበት ክፍል ጉድለት እንዳለበት አግኝተዋል። ችግሩ ይህ ጉድለት ከውጭ አይታይም፤ የሚስቅ፣ የሚጠባ፣ የሚወፍር ልጅ ሊኖርበት ይችላል። አደጋው የሚበረታው ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ዕድሜ ነው፤ አንገት ገና በቅጡ ሳይጠና።

ስለዚህ የሕፃን አልጋ ሲመረጥ ቀዳሚው ጥያቄ ለስላሳነት ሳይሆን ጥንካሬ ነው። እጃችንን ጫን አድርገን «ኧረ ይሄማ ይቆረቁረዋል» ብለን የምንተወው ፍራሽ ነው ብዙ ጊዜ ትክክለኛው። አውስትራሊያ ውስጥ ለወላጆች የሚነገር ቀላል መፈተሻ አለ። 12 ሲዲ ደርባችሁ ፍራሹ ላይ አስቀምጡ። በላዩ ሁለት ያልተከፈቱ ባለ አንድ ሊትር የወተት ካርቶኖች አጋድማችሁ ደርቡ፤ የካርቶኖቹ ጫፍ ከሲዲዎቹ ጠርዝ አራት ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል። የወጣው ጫፍ ፍራሹን ከነካ፣ ፍራሹ ለሕፃን ከሚገባው በላይ ለስላሳ ነው። ፍራሹ ከአልጋው ልክ ጋር መግጠምም አለበት፤ በጠርዙ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ይቀየር። ከዚያ ውጥር ብሎ የተነጠፈ አንሶላ። ሌላ የለም። ትራስ፣ የሱፍ አሻንጉሊት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ዓመት እስኪሞላው ይቆዩ።

በአልጋው ፍርግርግ ዙሪያ የሚታሰረው ስፖንጅ የተሞላ መከለያስ? እሱ የሌላ ዘመን ዕቃ ነው። ዱሮ የፍርግርጉ ዘንጎች ተራርቀው ስለሚሠሩ የሕፃን ጭንቅላት እንዳይሾልክ ታስቦ ነበር። አሜሪካ በ1973 ክፍተቱ ከስድስት ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገች፤ መከለያው ግን ሥራውን ጨርሶም ለጌጥ መሸጡን ቀጠለ። ከላይ ያነሣነው ብራድሊ ታች ራሱ በ2007 ባሳተመው ጥናት መከለያው ላይ ታፍነው ወይም በማሰሪያው ታንቀው የሞቱ 27 ሕፃናትን ቆጠረ። መከለያውን የሚያግደው የአሜሪካ ሕግ የወጣው ግን ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው። ገበያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ተፈትኖ ያለፈ ለሚመስለን ይህ በቂ መልስ ነው።

አልጋው ቢስተካከልም አተኛኘቱ ይቀራል። «በጀርባው ከተኛ ያስታውከውና ትን ይለዋል» የሚለው ስጋት የእኛ እናቶች ብቻ አይደለም፤ በዓለም ታዋቂ የነበረው ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክም በ1950ዎቹ በዚሁ ምክንያት በሆድ ማስተኛትን መክሮ ነበር። የሰውነታችን አሠራር ግን ሌላ ይላል። ሕፃኑ በጀርባው ሲጋደም የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ ያገሳው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወተቱ ቁልቁል ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ በ1994 ከተጀመረ በኋላ ድንገተኛው ሞት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

በእኛ ቤት ደግሞ ሕፃን የሚተኛው ከእናቱ ጎን ነው፤ ለብዙው ቤተሰብ ሌላ አልጋም የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በአንድ ክፍል፣ ግን በየራስ መኝታ ይላል። ይህን ማድረግ የሚችል ያድርገው። የማይችል ቢያንስ ትራሱንና ከባዱን ብርድ ልብስ ከልጁ ያርቅ፤ የጠጣ ወይም የሚያጨስ ሰው አጠገቡ አይተኛ። ሶፋ ላይ ልጅ ታቅፎ ማንቀላፋት ግን ከሁሉም የባሰ ነው።

ብርዱን በተመለከተ፣ ጋቢ ፊት ላይ መጣል ከላይ ያየነውን ጉድጓድ በእጅ መሥራት ነው። እኛ ከለበስነው አንድ ልብስ ብቻ ጨምሮ ማልበስ ይበቃዋል፤ ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያው ይውለቅ። መዳፉ ቢቀዘቅዝ አትደንግጡ፣ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሱ፤ ካላበው አንዱን ልብስ አውልቁለት።