አህያ ለምን ተናቀ?

በኢትዮጵያ ከጋማ ከብቶች ሁሉ ይበልጥ የሚለፋው አህያ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ ክብር ያለውም እሱ ነው። ውኃ ከምንጭ፣ ማገዶ ከዱር፣ እህል ከቤት ወደ ወፍጮ ቤት የሚጓዘው በብዙ ቦታ በእሱ ጀርባ ነው። ከ8 ሚሊዮን በላይ አህዮች ያሏት ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዋ ናት። ያም ሆኖ ሰውን «አህያ» ብሎ መጥራት ስድብ ነው፤ ተረቱም «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያለ ይሳለቅበታል።

በእንስሳት ላይ የሚደርስ ንቀት ፈላስፎችን ማከራከር ከጀመረ ቆይቷል። በ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት እንስሳትን ነፍስ እንደሌለው መሣሪያ ይቆጥራቸው ነበር። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ግን እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መጠየቅ ያለበት ማሰብና መናገር መቻላቸው ሳይሆን መሠቃየት መቻላቸው እንደሆነ ሞገተ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሪቻርድ ራይደር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የአንድን ፍጡር ሥቃይ ሰው ባለመሆኑ ብቻ ከቁም ነገር አለመቁጠር የዘረኝነት ወንድም ነው አለ። ፈላስፋው ፒተር ሲንገርም እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው መጽሐፉ ሐሳቡን በዓለም ዙሪያ አሳወቀው።

ሰው ለራሱ ዝርያ ከማድላቱ ሌላ እንስሳትንም እርስ በርሳቸው ያበላልጣል። ፈረስና በቅሎ የጦር አዝማችና የመኳንንት መቀመጫ ሆነው ስለኖሩ ተሸለሙ፤ አህያ የድሃ ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ተናቀ። የተሰጠው ሥራ ዝቅተኛ መባሉ ወደ ተፈጥሮው ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ በዱላ መነዳቱ ተገቢ መሰለ።

የአህያ ተፈጥሮ ግን ከስሙ ጋር አይገጥምም። ዘሩ የተገኘው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። የዱር አህያው ዛሬም በአፋር በረሃና በኤርትራ በጥቂቱ ይገኛል፤ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ እንስሳትም አንዱ ነው። ውኃና ግጦሽ በተራራቀበት ደረቅ ምድር በትልቅ መንጋ መኖር አይቻልምና ተበታትኖ መኖርን ለመደ፤ አደጋ ሲጠረጥርም እንደ ፈረስ ከመበርገግ ይልቅ ቆሞ ማጤን ይቀናዋል። ግትር ያሰኘው ይህ ጠባዩ ነው። የጭቃው ጥልቀት ካልታየው ወይም ድልድዩ ካላስተማመነው አይራመድም። በኦሪት ዘኍልቁ የበለዓም አህያ ጌታዋ ያላየውን መልአክ አይታ አልታዘዝ በማለቷ ሦስት ጊዜ ተደብድባለች፤ ዛሬም ብዙ አህያ የሚደበደበው ነጂው ያላየውን አይቶ ሲቆም ነው።

ከዚህ የባሰው ግን አህያ ሕመም አይሰማውም የሚለው እምነት ነው። አህያ ሕመሙን ይሸሽጋል፤ ድካሙን ያሳየ እንስሳ የአውሬ ሲሳይ ይሆናልና። ሐኪም መታመሙን የሚያውቀው ከመኖ በመራቁ፣ ጆሮውን በመጣሉና ከሌሎቹ በመገለሉ ነው፤ ይህ በግልጽ በሚታይበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል።

የዚህ ሁሉ ማስረጃ ጀርባው ላይ ያለው ገጣባ ነው። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል መጫኛው ይጎተትና በላብ የራሰውን ቆዳ ይልጠዋል። በማግስቱ ሌላ ጭነት ያንኑ ቦታ ያገኘዋል። መድረቅ የጀመረው ቅርፊት ይገሸለጣል፣ ዝንብ ይወርረዋል፣ መግል ይቋጥራል፤ ውሎ አድሮም ቁስሉ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የኢትዮጵያ አህያ ክብደት ከ100 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ሆኖም በገበያ ቀን አንድ ኩንታል እህል፣ ማለትም የገዛ ክብደቱን ያህል፣ የተጫነ አህያ ማየት ብርቅ አይደለም።

ሃይማኖት ለዚህ ጭካኔ ፈቃድ አልሰጠም። ኦሪት ዘጸአት የጠላቱን አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ያየ ሰው እንዲያነሣው ያዛል። ነቢዩ ሙሐመድም ፊቱ በጋለ ብረት የተተኮሰ አህያ ባዩ ጊዜ ይህን ያደረገውን ሰው መራገማቸው በሐዲስ ተመዝግቧል። የመንግሥት ሕግ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1822 ከብትን፣ ፈረስንና አህያን ማሠቃየት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ።

በቅርብ ዓመታት የመጣው አደጋ የቆዳ ንግድ ነው። በቻይና የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ከሚወጣው ሙጫ «ኤጂያዎ» የሚባል ባህላዊ መድኃኒት ይሠራል። ፈላጊው በዝቶ የአገሪቱ አህያ ሲመናመን ነጋዴዎች ፊታቸውን ወደ አፍሪካ አዞሩ። አንዲት አህያ አንድ ውርንጭላ ለመውለድ ዓመት ያህል ስለምታረግዝ እርባታው ከዕርዱ እኩል ሊሄድ አይችልም። በቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በነዋሪዎች ተቃውሞ በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ። ተቃውሞው በአብዛኛው ስለ ሽታውና ስለ ባህሉ ነበር፤ የእንስሳው ሥቃይ ብዙም አልተነሣም። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድ ለ15 ዓመታት እንዲታገድ ወሰኑ። አህያ ያጣ ቤት ሸክሙ ወደ ሴቶችና ልጆች ጀርባ ስለሚመለስ ውሳኔው እነርሱንም ይመለከታል።

እገዳው ግን ገጣባን አያድንም። ገጣባን የሚከላከለው ከጭነቱ ሥር ወፍራምና ንጹሕ ነገር ማንጠፍ፣ ሸክሙን በሁለቱም ጎን እኩል ማድረግ፣ የቆሰለውንም እስኪድን አለመጫን ነው። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ማንኛውም ባለ አህያ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።